ሰቆጣ ብዬ ተጭኜ ዝቋላ ስለገባሁበት መተግበሪያ

ለተከበሩ የመምህራን ዝውውር መተግበሪያ ኃላፊ፤
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ዓይንዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ፤ መተግበሪያዎን ያለ ዓይን መጠቀም ከባድ ነውና።

እኔ መምህር ደግሰው ካሳ ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይነ ስውር ስሆን፣ በደሃና ወረዳ የዜግነት ትምህርት አስተምር ነበር። ሰቆጣ የምትሠራው ባለቤቴ የትናየት ባለፈው ክረምት ሴት ልጅ ስለወለደችልኝ ወደ እነሱ ለመዛወር ፈለግሁ፤ ማመልከት የሚቻለው በመተግበሪያው ብቻ ነው ስላላችሁም ጽሑፍ የሚያነብልኝን ስልኬን ይዤ ተቀመጥሁ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. መተግበሪያው ገና ሲከፈት፣ ሰው መሆኔን እንዳረጋግጥ ድልድይ ያለባቸውን ሥዕሎች እንድመርጥ ጋበዘኝ። ጎረቤቴ አበዛሽ መርጣልኝ ሰውነቴ ጸደቀ። እናቴ ስትወልደኝ ማንም ያልጠየቃትን ማስረጃ ስላሟላችሁልኝ አመሰግናለሁ።

፪. አበዛሽ ልጇ አልቅሶባት ስትሄድ ብቻዬን ቀጠልሁ። ወረዳ ምረጥ የሚለው ላይ ስደርስ፣ አዝራሮቹ ስም ስላልተጻፈላቸው ስልኬ በየወረዳው ፈንታ «አዝራር፣ አዝራር፣ አዝራር» እያለ ያነብልኝ ጀመር። ሰቆጣ ይሆናል ያልሁትን ተጫንሁ፤ «ተሳክቷል» ብሎ ተዘጋ። የተሳካው ዝቋላ ወረዳ ኖሯል።

፫. ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ ባለሙያዋ በትሕትና፣ «መምህር፣ እኛማ ምን እናድርግ፣ ሲስተሙ ነው። ቅሬታዎንም በዚያው ያስገቡ» አለችኝ። ቅሬታ ማስገቢያው የቱ እንደሆነ ስልኬን ሳስስ፣ እሱም አዝራር ነው።

እነሆ አሁን ዝቋላ አስተምራለሁ። ሰሞኑን፣ አገራችን የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ ዘጠኙ መረጃና ቴክኖሎጂ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆን እንደሚያስገድድ ሳስረዳ፣ አመጣጤን የሰማች ሰርክአዲስ የምትባል ተማሪዬ «ታዲያ መምህር፣ እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በዚያው ሳምንት ልጄ ዳዴ ማለት መጀመሯን እናቷ በስልክ አሰማችኝ፤ ወለሉ ላይ የመዳፏ ድምፅ ይሰማል።

ስለዚህ፣ ከሥራ ብዛትዎ ቢተርፍዎ፣ በየአዝራሩ ላይ ስሙን እንዲያስጽፉልን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ለትዕግሥትም ለመንገድም እንግዳ እንዳልሆን ስላደረጉኝ ውለታዎን የማልረሳ፣
ደግሰው ካሳ፣ ከዝቋላ

ማሳሰቢያ፦ በመተግበሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ነጭ በትር የያዘ ሰው ፈገግ ብሎ እንደሚታይ ነግረውኛል። እሱስ የት ተመደበ?