ለጸሎት የተነገረኝ ምስጢር

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለዕንባቆም፣ ደርባን

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ሱቁም ሰፈሩም ሰላም ነው ወይ? ባለቤትህ ቤቴልና ልጆቹስ እንዴት ከርመዋል? ብርዱ ጀምሯል ብለኸኛል፤ ሹራብ መልበስ እንዳትንቅ። እኛ እዚህ ሾኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ እሁድ እሁድ ከመዘምራኑ ቀድማ ቤተ ክርስቲያን የምትደርሰው እሷ ናት። በልጉ ዘንቧል፣ የጓሯችን እንሰትም አምሯል።

የምጽፍልህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ድምፅህን ስሰማ አቃተኝ። ስለዚህ ወደዚያ ለምትመለሰው ለጵርስቅላ አስይዤልሃለሁ። ባለፈው ጓደኛህ ጴጥሮስ ስልክ አላነሳልኝ አለ፣ ምን ሆኖ ነው ብለህ ስትጠይቀኝ ኔትወርክ ነው አልኩህ። ዋሸሁህ። ኔትወርክ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

እንደምታውቀው ለክልሉ ምክር ቤት እየተወዳደርኩ ነው፤ ጴጥሮስም በግሉ ቀርቧል። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ጨዋታ ነበር። የኔ የምርጫ ምልክት ጃንጥላ፣ የሱ የእጅ ባትሪ ስለሆነ ገበያ ላይ ስንገናኝ መብራት ሲጠፋ ትፈልጊኛለሽ ይለኛል፤ እኔም ዝናብ ሲመጣ እንተያያለን እለዋለሁ። ኋላ ግን ሰዉ ወደ እሱ ማድላት ጀመረ። ከደቡብ አፍሪካ ከተመለሰ ወዲህ ሒሳብ ያስተማራቸው ልጆች ዛሬ መራጮች ሆነዋል። እኔ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ይዤ ስጮህ እሱ በእግሩ ቤት ለቤት ይሄዳል፣ የእያንዳንዱን ልጅ ስም ያውቃል። ቀናሁ ዕንባቆም። እንቅልፍ እስካጣ ድረስ ቀናሁ።

ጆሃንስበርግ አብራችሁ ሳላችሁ የሚጥል በሽታ እንደነበረበት፣ አንተም እንዳስታመምከው የነገርከኝ አምና ነው። መድኃኒቱን እየወሰደ ዓመታት ሙሉ ጥሎት እንደማያውቅ ነግረኸኝ፣ በጸሎትሽ አስቢው፣ ለሰው ግን እንዳትተነፍሺ ብለኸኝ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? ረቡዕ በሴቶች የጸሎት ጊዜ፣ የጸሎት ርዕስ ያላችሁ ሲባል እጄን አወጣሁ። ስለ ወንድማችን ጴጥሮስ እንጸልይ፣ የሚጥል በሽታ አለበት፣ በምርጫው ድካም እንዳይነሣበት አልኩ። እያለቀስኩ ነው የጸለይኩት፤ እንባዬም የውሸት አልነበረም። ግን ወርቅዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ወርቅዬ የሰማችውን ሳታዳርስ እንደማታድር ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግማሽ ልቤ ለጸሎት፣ ግማሹ ለምርጫው ድምፅ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ሾኔ በሙሉ ሰማ። ማንም በክፉ አላወራውም፤ ሁሉም እንጸልይለት እያለ ነው ያዛመተው። ከዚያ መድረክ ላይ ቢወድቅስ፣ ምክር ቤት ውስጥ ቢጥለውስ ይባል ጀመር። እጁን ይጨብጡት የነበሩ ሰዎች ከሩቅ በአንገታቸው ሰላም ይሉታል። አንድ ቤት ውኃ የጠጣበትን ብርጭቆ ለብቻ እንዳስቀመጡበት ባለቤቱ ሐዳሳ እኛ ቤት መጥታ ለእማዬ አልቅሳ ነገረቻት። እኔ ጓዳ ሆኜ የምረጡኝ ወረቀቴን አጣጥፋለሁ። ጴጥሮስ ቤት ለቤት መዞሩን ተወው። የኔ ሰዎች አሁንማ አሸነፍሽ አሉኝ፤ የምገባበት ጠፋኝ።

አልቻልኩም። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ቤቱ ሄድኩ። እሱ የጠረጠረው መድኃኒት የምትሰጠውን ነርስ ኖሯል፤ ከእሷ ጋር መተያየት ስላስጠላኝ መድኃኒቴን ሆሳዕና ድረስ ሄጄ ነው የማመጣው አለኝ። እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ አልኩት። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ። አልተቆጣም። አንቺስ ከማን ሰማሽ አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የባነንኩት። የሄድኩት የራሴን ሸክም ላራግፍ ነው እንጂ ስላንተ አንዴም አላሰብኩም። ከማን እንደሰማሁ ሳልነግረው ገባው። ምርጫው ግድ የለም ገነቴ፣ ዕንባቆምን ግን ከወንድም ለይቼው አላውቅም ነበር አለ። ከዚያም እንደ እንግዳ እስከ አጥሩ በር ሸኝቶኝ ተመለሰ።

የፊታችን እሁድ ከስብከቱ በኋላ በጉባኤው ፊት ቆሜ ላደረግሁት ይቅርታ እንድጠይቅ ሽማግሌዎቹን አስፈቅጃለሁ። የኔ ሰዎች ይህን ካደረግሽ ወንበሩን እርሺው ብለዋል። ልርሳው። የከበደኝ የወንበሩ ነገር አይደለም፤ እኔ ብቆምም ብለምንም አንተን ለሱ መመለስ አልችልም። አንተ የነገርከኝ እህቴ ናት ብለህ፣ አምነኸኝ ነው። ስልክ ባያነሳልህ አትቀየመው። ጻፍለት። ደብዳቤውንም በሌላ ሰው እጅ ላከው፤ በኔ በኩል ይድረስ ብዬ የምጠይቅበት አፍ የለኝም። ከቻልክ ይቅር በለኝ።

እማዬ ዓይንህን ሳላይ አልሙት ትልሃለች፤ ያወራሁት እኔ መሆኔን ገና አላወቀችም። ታናሻችን ሚክያስ ፈተና ላይ ስለሆነ ነው ያልጻፈልህ፤ ሰላም ብሎሃል። ልጄ አቢጋኤል አጎቴ እያለች ፎቶህን ትስማለች። ለቤቴል የናፍቆት ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ትልቋን ልጅህንም ጉንጯን ሳምልኝ። በጓደኛህ ስም የጠራኸውን ትንሹን ልጅህንም እንዲሁ ሳምልኝ። ዛሬ ስሙን ልጽፈው አፍሬ ነው።

እህትህ ገነቴ
ሾኔ፣ ግንቦት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.