ላልታመሙት አማቴ የመጣ ራት

ለተከበሩ የባለቤቴ እናት፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። በረዶው በእናንተ በኩል እንዴት አደረገ? ጉልበትዎንስ እንዴት ይዞዎታል? ሌላ ጊዜ ብርዱ ሳይጠና መጥቼ እንጨትዎን የምከምረው እኔ ነበርኩ፤ ዘንድሮ ማን ከመረልዎ እያልኩ አስባለሁ። እኛ ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው።

ይህን የጻፍኩት እጄ ስለለመደው ነው እንጂ ደህናስ አይደለንም። ቢያንስ እኔ አይደለሁም። ግን አልራበንም። ኀፍረቴም የሚጀምረው ካለመራባችን ነው።

ዞሮ ዞሮ መስማትዎ ስለማይቀር ከእኔ ይስሙት። እርስዎ በዚህ ከተማ ታመዋል። ክፉኛ ታመዋል። እሑድ እሑድ ፓስተራችን ስምዎን እየጠራ ይጸልይልዎታል፤ ባለፈው ሰኞ ደግሞ ነዳጅ ማደያው ያለው ሰውዬ የገንዘቤን መልስ ሲሰጠኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አማትህ እንዴት ሆኑ?» አለኝ። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትንሽ ይሻላቸዋል» አልኩት። ቀኑን ሙሉ በምሠራበት የእህል ጎተራ፣ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጬ ያችን «ትንሽ ይሻላቸዋል» ሳስባት ፊቴ ሲግል ዋለ።

እንዴት እንደመጣ ልንገርዎ። አርዲስ ምን ብላ እንደነገረችዎ አላውቅም፤ ምንም ሳትነግርዎ ሻንጣዋን ይዛ ገብታ እንደሆነም አይገርመኝም፤ የእርስዎ ልጅ አይደለች እንዴ!

በቤታችን እያንዳንዱ ቀን የራሱ ራት አለው። ማክሰኞ ሆትዲሽ ነው፤ ያው እንደሚያውቁት የተፈጨ ሥጋ፣ ፎሶሊያ፣ ላዩ ላይ ድንች ተደርድሮበት ኦቭን የሚገባው። እኔም ከሥራ ገብቼ ስቀመጥ፣ ምንም ይቅረብ ምን፣ «ማክሰኞ መጣ እንዴ?» እላለሁ። ልጆቹ ይስቃሉ። የሚቀርበው ሁሉ ያው ሆትዲሽ ነው ለማለት ነው፤ ቀልድ መሆኑ ነው። ያረጀ ቀልድ ነው፤ ግን ባቀረብኩት ቁጥር ስለሚሳቅልኝ ያረጀ አልመሰለኝም።

ያን ዕለት ሐሙስ ነበር። አርዲስ ከአረጋውያን ቤት ሥራዋ ፈቃድ ወስዳ፣ ያንን እርስዎ ያስተማሯትን የበሬ ሥጋ ከጠዋት ጀምራ በዝግታ ስታበስል ውላለች። መዓዛው ከመኪናዬ ስወርድ ተቀብሎኛል፤ እግዜር ያሳይዎ፣ አውዶኛል! ሆኖም ተቀመጥኩና፣ የእህል ዋጋ ከሚወጣበት ጋዜጣ ዐይኔን ሳላነሳ፣ «ማክሰኞ መጣ እንዴ?» አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። አርዲስ «ሐሙስ ነው» አለች። ለሁላችን ቆርሳ አቀረበች። እኔ ሁለቴ አስጨምሬ በላሁ፤ ጣፈጠኝ አላልኩም። በማግሥቱ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሸኝታ ወደ እርስዎ መጣች።

ወሬው የተጀመረው ቅዳሜ ነው። ጎረቤታችንን ላቮንን ያውቋታል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ወጥ ቤት የምታዝዘዋ፣ ምግብ የማይቀርብበትን ለቅሶ የማትወደዋ ሴት። ደጃፏን ስትጠርግ አገኘችኝና «አርዲስን አላየኋትም» አለች። «እናቷ ጋ ናት» አልኩ። እዚህ ላይ ባቆም እውነት ነበር። ግን ላቮን መጥረጊያዋን ተደግፋ ዝም ብላ አየችኝ፤ የእሷን ዝምታ የቻለ ሰው በዚህ ከተማ የለም። «አሟቸዋል» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

«ወይኔ! እንግዲያው ዛሬ ራት እኔ አመጣለሁ» አለች። «ኧረ አያስፈልግም» አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት፤ ግን መቼም ያውቁታል፣ በእኛ አገር «አያስፈልግም» ማለት «አምጪው» ማለት ነው። ደግሜ «የእውነቴን ነው፣ ላቮን፣ አታስቸግሪ» አልኳት። ይባስ ብሎ ጨዋነቴ ደስ አላትና «እስቲ ምን ችግር አለው!» ብላ ገባች። ሁለቴ እምቢ ካሉ በኋላ ሌላ ምን ይባላል? አመሰገንኩ።

በዚያው ማታ እንደ ዳቦ የተጋገረ የተፈጨ ሥጋ፣ ላዩ ካቻፕ ተቀብቶ፣ ከነድንቹ መጣ። በማግሥቱ የአሳማ ጎድን በሩዝ። ቀጥሎ ተድቦልቡሎ የተጠበሰ ሥጋ ከነመረቁ። ቀጥሎ ዶሮ። ሴቶቹ ተራ ገብተው ኖሯል። በየማታው በር ይንኳኳል፣ በፎጣ የተጠቀለለ ትኩስ ሳህን ይሰጠኛል፣ «አይዞህ» እባላለሁ፣ በሩን ዘግቼ እበላለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ በልቼም ይጣፍጠኝ ነበር። ይህም ያሳፍረኛል።

ትልቋ ሲግኒ ግን አልበላም አለች። እናቷ የሄደችበትን ምክንያት ታውቃለቻ! ቁጭ ብላ ዳቦዋን የለውዝ ቅቤ እየቀባች «አያቴን በሽተኛ አድርገህ ያመጣኸውን ሥጋ አልነካም» አለችኝ። «ዝም ብለሽ ብዪ፣ ምግብ ምን በደለ?» ብላት «ምግቡማ ምንም አልበደለ» አለች። ወንድሟ ኔልስ ገና ልጅ ነው፣ ሁለታችንን እያየ የሷንም ድርሻ ይጎርሳል። እሑድ ፓስተሩ ለእርስዎ ሲጸልይ ሲግኒ አንገቷን አላቀረቀረችም። ዞራ እኔን አየች። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸሎት እስኪያልቅ ዐይኔን በጣም ጨፍኜ ቆየሁ።

ያን ሰሞን አንድ ነገር ባስተውል ኖሮ ይኼ ሁሉ አይቀጥልም ነበር። በዚህ ከተማ የቆርቆሮ የእንጉዳይ ሾርባ የማይገለበጥበት ሆትዲሽም መረቅም የለም፤ ያለ እሱ ማብሰል የሚችል ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ። ኔልስ ደግሞ እንጉዳይ ከቀመሰ ከንፈሩ ያብጣል። እኔ አባቱ ይህን ፈጽሞ ረስቼ፣ የመጣውን ሁሉ ሳልጠይቅ አበላሁት። አንድም ቀን አላበጠም። በአንዱም ሳህን ውስጥ እንጉዳይ አልነበረም። መረቁ ሁሉ በወተትና በዱቄት የተሠራ ነው። ልብ ያልኩት ሳህኖቹን አጥቤ ስደረድር፣ ሲግኒ ቆማ «የኔልስን ነገር ለሴቶቹ ነግረሃቸው ነበር እንዴ?» ስትለኝ ነው። አልነገርኳቸውም። ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው ረቡዕ ሳህኖቹን ሁሉ በካርቶን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወረድኩ። ላቮን ምድር ቤት ባለው ወጥ ቤት ብቻዋን ድንች ትልጣለች። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩላት፤ አማቴ አልታመሙም፣ አርዲስ ትታኝ ነው የሄደችው፣ ዋሽቼ ነው የበላሁት አልኳት። መላጡን እንኳ አላቆመችም። «እናውቃለን እኮ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

«ከመጀመሪያው ሳህን በፊት። ደግሞ አንተ መዋሸት አትችልበትም፤ ጆሮህ ይቀላል።»

«ታዲያ ለምን አመጣችሁልኝ?»

አሁን ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሚስቱ የሄደችበት ሰውም ራት ይበላል፤ ልጆቹም ይበላሉ። ትታው ሄደች ብለን በርህ ላይ ሳህን ይዘን ብንቆም ምን ልትለን ነው? በሩን ነበር የምትዘጋው። ለታመመች አማት ሲሆን ግን ሰው ይቀበላል። አንተው ነህ በሩን የከፈትክልን፣ እኛ ገባን።»

«ሌላ ማን ያውቃል?» አልኳት።

«ሁሉም። ፓስተሩ ብቻ አያውቅም። እሱ የእውነቱን ነው የሚጸልየው፣ ተወው፤ ጸሎት ማንንም አይጎዳም።»

እንግዲህ ይታይዎ። እኔ ሰው አታለልኩ ብዬ ስቃጠል፣ ከተማው በሙሉ ለእኔ ክብር ሲል የተታለለ መስሎ ከርሟል። ነዳጅ ማደያው ያለው ሰውዬ እንኳ! ከመናቅ ይልቅ በእንዲህ ያለ ሁኔታ መከበር ያማል። የኔልስን ነገር ማን ነገረሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ልጠይቃት ስል ድንቿን መልሳ አነሳች፣ እኔም ዐይኔ ውሃ ሞላና ካርቶኑን ማራገፍ ጀመርኩ። እኛ ካልነገርናቸው፣ የኔልስን አፍ የምታውቅ እናቱ ብቻ ናት።

ላቮን ስወጣ ጠራችኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች የሰፉት የቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ እንዳለቀ፣ በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ይዘውት ወደ እርስዎ እንደሚመጡ ነገረችኝ። ለእርስዎ ሳይሆን ለአርዲስ ነው የሰፉት። «መኪናው ውስጥ ለአንተም ለልጆቹም ቦታ አለ፤ ግን ባዶ እጅህን አትገባም፣ ራሱን ችሎ የሚቀርብ ምግብ ሠርተህ ትይዛለህ፤ ራስህ ነው የምትሠራው» አለች። አያስፈልግም ማለት ፈልጌ ነበር። ከዚያ «አያስፈልግም» ምን እንደሚያመጣ ትዝ አለኝና እሺ አልኩ።

ትናንት ሞከርኩ። ላቮን ቀላሉን ምረጥ ስላለችኝ ያንኑ እንደ ዳቦ የሚጋገረውን የተፈጨ ሥጋ ሠራሁ፤ ዕንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ ገብቶበት በእጅ የሚታሸውን። ቀላል ነው ያለው ማን ነው? ሽንኩርቱ አስለቀሰኝ፣ ጎኑ አረረ፣ መሐሉ ዘግይቶ በሰለ። ቆርሼ ለኔልስ ሰጠሁ፣ ውሃ አምጣ አለ፤ ውሃ አመጣሁ። ለሲግኒ ሰጠሁ፣ ሹካ የለም አለች፤ ሹካ አመጣሁ። ካቻፕ። ተጨማሪ ድንች። የፈሰሰ ወተት። በመጨረሻ የራሴን ይዤ ስቀመጥና ስጎርስ ምግቡ ቀዝቅዟል።

ሲግኒ አንገቷን ደፍታ ትበላ ነበር። «ጨው ይጎድለዋል» አለችና ሳህኗን ለጭማሪ ዘረጋችልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ግን ያ የቀዘቀዘ ሥጋ አፌ ውስጥ እንዳለ አርዲስን አሰብኩ። ከተጋባን ጀምሮ መጨረሻ የምትቀመጠው እሷ ናት። ሁልጊዜ ስትመላለስ ነው የማውቃት። በራሷ ቤት፣ በራሷ እጅ የሠራችውን፣ አንድ ቀን በትኩሱ በልታ አታውቅም። እኔም አላየሁም፣ ጠይቄም አላውቅ። ቀልዱስ ቀልድ ነው ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ እችላለሁ። ይህን ግን ምን ብዬ እንደምጠይቅ አላውቅም።

ይህን የምጽፍልዎ በምሳ ሰዓት፣ ሥራ ቦታ ተቀምጬ ነው። አርዲስን ይምከሩልኝ፣ ይላኩልኝ አልልም፤ እንዲህ ለማለት ፊት የለኝም። አላየውም ካለች ልጆቹን ያስገቡልኝና እኔ መኪናው ውስጥ እቆያለሁ፤ ቁጣም አይሰማኝም። በስምዎ ስለዋሸሁም ይቅር ይበሉኝ። እግዚአብሔር ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ክረምቱን በሰላም ያሳልፍዎ።

ግን ግባ ካለች አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። እርስዎ እናቷ ነዎት፣ ትሰማዎታለች። ከተቀመጠችበት አያስነሷት። ሹካም ይጥፋ፣ ውሃም ይፍሰስ፣ እኔ አመጣለሁ። ከሁሉም በፊት ለእሷ ይቅረብላት፤ በትኩሱ ትብላ።

ልጅዎ ብሎ ለመፈረም ያፈረው
አማችዎ