ዝናቡን ታዪዋለሽ ያልከኝ በር

ውድ የቤቴ ሰው፣

ትናንት መስታወት ቆራጩ መጥቶ ነበር። ማረፍህን የሰማው ገና በቅርቡ ነው። አንገቱን ደፍቶ ደጅ ላይ ሲቆም ሳየው፣ ምነው ባልመጣ አልኩ። ከገባም በኋላ ሻዩን ትቶ የበሩን ማጠፊያዎች ሲዳስስ ቆየና «ምንም አልሆነም፤ እንደተገጠመ ነው» አለኝ። በሩማ ምን ይሆናል?

እሱ ሱቅ የሄድንበትን ቀን ታስታውሳለህ? አንተ ዳቦ ቤት ስትጋግር አድረህ፣ ቅንድብህ ላይ ዱቄት እንዳለ ነበር የመጣኸው። የሳሎኑን የኋላ ግድግዳ አፍርሰን ወደ ጓሮ የሚወጣ ተጣጣፊ በር ልናስገባ ነው። በክፈፉ ቶሎ ተስማማን፤ ያከራከረን መስታወቱ ነው። እኔ ተራውን ወደድኩ፣ ብርሃኑንም ድምፁንም የሚያስገባውን። አንተ ግን ቀን የምትተኛ ሰው ነህ፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለው አናጺ መጋዙን ባስነሳ ቁጥር ከአልጋህ ትዘላለህ። ቆራጩ የሚጮኽ ስልክ ሳጥን ውስጥ ከተተና በድርቡ መስታወት ከደነው። ድምፁ ጥፍት አለ። ፊትህ እንዴት እንደበራ!

«እኔ ዝናቡን መስማት እፈልጋለሁ» አልኩህ።

«ዝናቡን ታዪዋለሽ» አልከኝ።

ሳቄ መጣና ተረታሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቅር አላለኝም። እንቅልፍህን ከዝናቡ አብልጬ እወደው ነበር።

በሩ ሲገጠም፣ የመጨረሻው ክንፍ ከላይ ለብቻው ጠበብ ያለ መስታወት እንዳለው አይቼ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩህ። «ጌጥ ነው» ብለህ ፈገግ አልክ። ጌጥ ከመቼ ወዲህ ነው የሚገድህ ብዬ ቀለድኩብህ፤ ነገሩም በዚያው ተረሳ።

ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ተኛህ። ከእንቅልፍህ ስትነሳ ጓሮ ትወጣና፣ አቧራ እንዳይገባ በሩን ከኋላህ ዘግተህ፣ በመስታወቱ ታወራኛለህ። ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል፣ እኔ አንዲት ቃል አልሰማም። የዳቦ ቤቱን አለቃ ትሆናለህ፤ እኔ ጭልፋ ግንባሬ ላይ አድርጌ ሰላምታ እሰጥሃለሁ። አንዳንዴም ደረትህን ይዘህ፣ በፍቅሬ ተመትተህ ትወድቃለህ። ልጃችን ሁለታችሁም ጤና የላችሁም ትለን ነበር።

ያን ቀን ጓሮ ቲማቲሙን በእንጨት እየደገፍክ ነበር፣ እኔ ልብስ አጣጥፋለሁ። ቀና አልክና እጅህን አነሳህ። አፍህ ተከፈተ። ደረትህን ያዝክና ቀስ ብለህ ተቀመጥክ። ዛሬስ ጎበዝ ተዋናይ ወጥቶታል አልኩ። ያንተኑ ነጭ የሥራ ሸሚዝ እያውለበለብኩ ሳቅኩልህ። ሸሚዙን አጥፌ ሌላ አነሳሁ። አለመነሳትህ ሲገባኝ በሩን ከፈትኩ፤ መጀመሪያ የሰማሁት መጋዙን ነው።

ሐኪሙ ወዲያው ብትደርሺም አይተርፍም ነበር ብሎኛል። አምኜዋለሁ። የሚያንገበግበኝ መሳቄ ነው። ስትጠራኝ ሳቅኩብህ። ልጃችን፣ አባዬ የመጨረሻ ያየው ሳቅሽን ነው፣ ይሄ ምን ክፋት አለው ትለኛለች። እኔ ግን ምን እንዳልክ አላውቅም፤ ጠርተኸኝ ይሁን ተሰናብተኸኝ።

እናም ትናንት ቆራጩን፣ ይህን መስታወት አውጣልኝና ተራውን አስገባልኝ አልኩት። እሱ ግን ወንበር ስቦ ላዩ ላይ ወጣና የመጨረሻው ክንፍ ጋ፣ ጌጥ ያልከው ጋ ደረሰ። ዙሪያውን ከያዘው ጎማ ሥር ትንሽ መቀርቀሪያ ነበረች፤ ሳባት። ጠባቧ መስታወት ወደ ውጭ ተከፈተች፣ የአናጺው መጋዝም ቤቱን ሞላው።

«እትዬ፣ መስታወቱን የመረጣችሁ ቀን ከእርስዎ ተለይቶ ብቻውን ተመልሶ መጥቶ ነበር» አለኝ። «ዝናብ መስማት ትወዳለች፣ የምትከፈት ነገር አድርግላት አለኝ። ዝናቡ ሲገባ እኔው አሳያታለሁ፣ እስከዚያ እንዳትነግራት ብሎ አስማለኝ።»

ዝናቡን ሳታይ ሄድክ።

አንተ ሰው፣ ምን ላድርግህ? እንዲህ ያለ ነገር ደብቀህልኝ እንዴት ልቆጣህ? መቀርቀሪያዋ ግን ያን ቀንም እዚያው ነበረች፣ ከምቆምበት በላይ። ባውቃት ኖሮ ከፍቻት እውል ነበር። ድምፅህ ይገባ ነበር። ላስገርማት ብለህ ያቆየኸው ነገር የመጨረሻ ቃልህን ወሰደብኝ፤ ይህንንም የምነግረው ካንተ በቀር ሰው የለኝም።

መስታወቱን እንዲተወው ነገርኩት።

ዛሬ የመጀመሪያው ዝናብ እየጣለ ነው። ወንበሬን ከሥሯ አስጠግቼ ነው የምጽፍልህ። ወረቀቱ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ነው፤ ምንጣፉም ረጥቧል፣ እንዳትቆጣ። መጋዙም ቢጮኽ፣ ብርዱም ቢገባ፣ ይህችን መስኮት አልዘጋትም። ዝናቡን እየሰማሁት ነው፣ የኔ ጋጋሪ። አንተን ነው ያልሰማሁህ።

በመስታወት ስትስቅልህ የኖረች፣
ሚስትህ