የግራውን ጠርዝ ማን ይጠብቅ? ለአንጥረኞቹ ሥራ አስኪያጅ ከሐሙሱ ድራፍት በፊት

ለክቡር አቶ ግራንት ሆሊስተር
የካልደር ቤይ አንጥረኞች ፉትቦል ክለብ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ፤ በተለይ ስለ ጉልበትዎ። ሁለቱም ጉልበቶችዎ እንደሚታጠፉና እንደሚዘረጉ፣ ደረጃም ፊት ለፊት እንደሚወርዱ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ በእኔ ቤት ደረጃ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ የሚወርድ የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ አለና፣ የጤነኛ ጉልበት ዋጋው ይገባኛል።

እኔ ሉሸስ ፔትዌይ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሰማንያ አንድ ነው። ከሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ መጥቼ በዚህች ከተማ ብረት ማቅለጫ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ ለፋብሪካው የፉትቦል ቡድን፣ ኳስ በእጅ የሚወረውረውን ሰው ከፊቱ ቆመው ከሚከልሉት አምስት ሰዎች የግራውን ጠርዝ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ፤ በእኔ በኩል አልፎ ኳስ ወርዋሪያችንን የነካ ሰው ካለ ወጥቶ ይናገር። ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው ልጄ ቫዮላ ናት። እርስዎን የሚመለከቱ አንዳንድ ቃላት ላይ ስትደርስ «አባዬ፣ ይኼማ ጋዜጣ ላይ አይወጣም» እያለች ዘልላቸዋለች፤ ስለዚህ ጨዋ ሆኜ ከታየሁዎ ምስጋናው ለእሷ ነው። የእርስዎ ኳርተርባክ፣ ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረው ኮርኔል፣ የእሷ ልጅ፣ የእኔ የልጅ ልጅ ነው። ደረጃ ወደ ኋላ የሚወርደውም እሱው ነው።

ሐሙስ ድራፍት ነው፤ ክለቦች ሁሉ ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች በየተራቸው የሚመርጡበት ቀን። ብዙ የተሸነፈ ክለብ ስለሚቀድም የእኛ ተራ አራተኛ ነው፤ ለዚህ ማዕረግ ላበቃን ያላሰለሰ ጥረትዎ ከተማው ያመሰግንዎታል። ትናንት ሰኞ በሬዲዮ «የሚያስፈልገን ፍጥነት ነው» ሲሉ ሰማሁ። በእርስዎ አፍ ፍጥነት ማለት ሌላ ኳስ ተቀባይ ሯጭ ማለት መሆኑን ስለምናውቅ፣ ሐሙስ ሳይደርስ ቅሬታዬን በቁጥር ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ። ከሦስት ዓመት በፊት በመጀመሪያው ተራችን ሯጭ መረጡልን። ልጁ በቁምጣ አርባ ያርድ ሲሮጥ በሰዓት ተይዞለት አገር ጉድ ብሏል፤ ነፋስ ነው፣ አልክድም። ሆኖም ሜዳው ጫፍ ደርሶ ኳስ እስኪላክለት ሦስት ሰከንድ ይፈልጋል፤ ኮርኔል ደግሞ ከፊቱ ግንብ ሆኖ የሚከልለው ሰው ስለሌለ ያለችው ሁለት ናት። ሯጩ እጁን ዘርግቶ ዞር ሲል የሚወረውርለት ሰው ሣር ላይ ተዘርሯል። በዓመቱ ሁለተኛ ሯጭ አመጡ፤ የመጀመሪያው ብቻውን እንዳይቆም አዝነውለት ይመስለኛል። አሁን ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። ፀጉሬን የሚቆርጠኝ ሮስኮ «ጋሼ ሉሸስ፣ ሰውዬው ሚዜ ብቻ ነው እንዴ የሚሰበስበው? ሙሽራውን እኮ አስገደለው!» ቢለኝ ጥያቄውን ለእርስዎ አደርሳለሁ አልኩት። መልስ ካለዎት ፀጉር ቤቱ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው።

ሁለተኛ። ባለፈው ዓመት ድራፍት ታለን ብሪግስ ነበረ። ከእኔ ቤት ሦስት መንገድ አልፎ ያደገ፣ በጽዮን ቤተ ክርስቲያን ጓሮ እግሩን የት እንደሚያስቀምጥ እኔ ራሴ ያሳየሁት፣ በአገሩ ኮሌጆች ሁሉ የግራ ጠርዝ ሲጠብቅ የሚተካከለው ያልነበረ ልጅ። ተራችን ደረሰ፤ ብሪግስ ገና አልተወሰደም። የመረጡትን ስም በካርድ ጽፈው እንዲሰጡ አሥር ደቂቃ ተሰጠዎት። እርስዎ ግን ስልክ ላይ ነበሩ፤ ያችን አንድ ተራ ከሌላ ክለብ ሁለት ታናናሽ ተራዎች ጋር ለመለወጥ ይከራከሩ ነበር። በሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ ቴሌቪዥን ፊት የተሰበሰብነው ሁሉ «ካርዱን ስጥ! ኧረ ካርዱን ስጥ አንተ ሰው!» ብለን ጮህን። ሰዓቱ አለቀ፤ ሰዓት ያለቀበትን ደግሞ ተከታዩ ይቀድመዋል። በተራ ከኋላችን የነበሩት የሐይቁ ማዶ ባላጋሮቻችን፣ የሆልብሩክ ቀዛፊዎች፣ ካርዳቸውን ይዘው ወደ ጠረጴዛው ሮጡ፤ ካርዱ ላይ የነበረው ስም ብሪግስ ነው። ጓደኛዬ ኦርቪል የያዘውን የዶሮ ክንፍ ቴሌቪዥኑ ላይ ወረወረው፤ በስልሳ ዓመት ትውውቃችን ምግብ ሲጥል ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እርስዎ በማግሥቱ ለጋዜጠኞች «ሰዓቱ ከጠበቅነው በላይ ፈጠነብን» አሉ። ለሌሎቹ ክለቦች ሁሉ እንደ ወትሮው ይሄድ የነበረ ሰዓት ለእርስዎ ብቻ መፍጠኑ የሚያሳዝን አጋጣሚ ነው።

ሦስተኛ። ታኅሣሥ ላይ ሆልብሩኮች እዚሁ መጡ። በዚያ ቀን የኮርኔልን ግራ እንዲጠብቅ ያቆሙት በዚያው ሳምንት ማክሰኞ የተቀጠረ ሰው ነበር፤ ኮርኔል ስሙን ገና አላጠናውም። የሆልብሩኩ ኳርተርባክ ከብሪግስ ጀርባ ቆሞ ሳንድዊች ከወረቀቱ ፈትቶ የሚበላበት ጊዜ ነበረው። የእኛው ልጅ ግን ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ሊወረውር ሲል፣ ከማያይበት ከግራው፣ መቶ ሃያ ኪሎ ሰው ጉልበቱ ላይ ወደቀ። እኔ አሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ድምፁን ሰምቻለሁ።

ይህ ያው ጉልበት ሲሰበር ሁለተኛው ነው። ሐኪሙ ለቫዮላ በግልጽ ነግሯታል፦ ሦስተኛ ከተመታ መጫወት ቀርቶ ያለ ዱላ መሄዱም ያጠራጥራል። በዚያ ቀን ከጨዋታው በኋላ ብሪግስ የባላጋራችንን አረንጓዴ ማሊያ እንደለበሰ ወደ እኔ መጣ፤ ያ ግዙፍ ልጅ አጎንብሶ «ጋሼ፣ እዚያ መቆም የነበረብኝ እኮ እኔ ነኝ» ብሎ አለቀሰ። «እግርህን አሳምረህ ነው ያስቀመጥከው» አልኩት። 

ደግሞ ሦስተኛ። ቫዮላ «አባዬ፣ ሦስተኛን ብለኸዋል» ትለኛለች፤ ሁለት ሦስተኛ ይኑር፣ ቁጥር የሚጎድለን ግንቡ ላይ እንጂ ጥፋቱ ላይ አይደለም። የካቲት ላይ ክለቡ ለደጋፊዎች ባዘጋጀው የፓንኬክ ቁርስ ተነሥቼ «የልጁን ግራ ማን ይጠብቃል?» ብዬ በአክብሮት ጠየቅሁ። እርስዎም ፈገግ ብለው «አባባ፣ በእናንተ ጊዜ ጭቃ ላይ ነበር የሚጫወተው፤ ዛሬ የትኛው ቦታ እንደሚቀድም ኮምፒዩተር ነው የሚነግረን» አሉኝ። ሰው ሳቀ። ከዚያም ቆብ ሸለሙኝ። ስለ ቆቡ አመሰግናለሁ፤ የጠየቅሁት ግን ስለ ጉልበት ነበር።

ኮርኔል ይህን ደብዳቤ አልወደደውም። «አያቴ፣ ተወው፤ ሥራዬ ነው። ሰው ፊት አታሳፍረኝ» ብሎኛል። መስከረም ላይ ጨዋታ ሲጀመር ግባ ካሉት ይገባል። ቢያመው አይናገርም፣ ግራህ ክፍት ነው ቢሉት እምቢ አይልም። እንደዚያ አድርጌ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ይህ ጥፋት የእርስዎ ስላልሆነ በቁጥር አላስገባሁትም።

ስለዚህ ከኮምፒዩተሩ ጋር እንዲመካከሩበት የእኔን ተራ ልንገርዎ። በመጀመሪያ የግራ ጠርዝ ጠባቂ ይምረጡ። ከነብራስካ የሚመጣ ፔደርሰን የሚባል ልጅ አለ፤ ፊቱ አያምርም፣ በቁምጣ ሲሮጥ ፍሪጅ በደረጃ የሚያወርዱ ይመስላል፣ በአራት ዓመት ግን በጎኑ አልፎ ኳስ ወርዋሪውን ሰው የነካበት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። እሱን ይውሰዱ። በሁለተኛው ዙር የቀኙን ጠርዝ፣ በሦስተኛው የመሐሉን ይምረጡ። ከዚያ ተራ ከተረፈዎ ተከላካይ ይፈልጉ። ኳስ ተቀባይ ሯጭ የሚመርጡት ውሃ የሚያቀብሉትን መርጠው ከጨረሱ በኋላ ይሁን።

ይህን ልመና አድርገው ወስደውት ከሆነ ይቅርታ፤ አነጋገሬ አሳስቶዎታል ማለት ነው። የብረት ማቅለጫው ጡረተኞች በስታዲየሙ ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ወንበሮች እንዳሉን ያውቃሉ። ወንበር በእኛ ዘንድ በኑዛዜ ነው የሚወረሰው፤ ኦርቪል ቤቱን ለማን እንደሚተው ሳይወስን ወንበሩን ለልጁ አስጽፏል። የወንበሮቹ የዓመት ኪራይ ማደሻ ቅጽ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ቅጾች ተፈርመው እኔ ቤት ናቸው። ወንበሮቹ ባዶ እንዳይቀሩ አይስጉ፤ የሆነው ቢሆን ዓርብ ጧት እናድሳቸዋለን። ሐሙስ የሚጠራው ስም የግንብ ሰው ከሆነ እንደ ወትሮው እኛው እንቀመጥባቸዋለን። ሯጭ ከሆነ ግን ሆልብሩኮች በሚመጡበት ቀን አንድም ሳናስቀር ለሆልብሩክ ደጋፊዎች በነፃ እንሰጣቸዋለን።

በሐይቁ በጀልባ፣ ከነመለከታቸው ነው የሚመጡት። ወንበሮቻችን ደግሞ ከክለቡ ባለቤት ከወይዘሮ ላንግፎርድ ክፍል ፊት ለፊት ናቸው፤ ወይዘሮዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ነገር ቤታቸው እንዳይገባ የከለከሉ ሴት ናቸው። ያን ቀን አረንጓዴውን አይተው ወደ እርስዎ ሲዞሩ ምን ብለው እንደሚጠይቁዎ እኔ አላውቅም። ሰዓቱ ፈጠነብን ይበሏቸው። እኔ በበኩሌ የልጅ ልጄ በቃሬዛ ሲወጣ ከማይ፣ በገዛ ሜዳው እየተሰደበ በእግሩ ሲወጣ ባይ ይሻለኛል፤ እርስዎ ከሥራዎ ሲወጡ ማየቱ ደግሞ በእርጅናዬ የሚጨመርልኝ ምርቃት ነው።

ላሳዩኝ ፈገግታ፣ ለሸለሙኝ ቆብ፣ ለሁለቱ ሯጮችና ላለቀብዎት አሥር ደቂቃ ያለኝን ምስጋና እየገለጽኩ፣ የሐሙስ ተራዎ እስኪደርስ ስልክዎ ባትሪ እንዲጨርስ ከልብ የምመኝልዎ፣ ስሜን መጻፍ በማይችል እጄ ከዚህ በታች ምልክቴን ያደረግሁ፣

ሉሸስ ፔትዌይ
የቀድሞ የግራ ጠርዝ

ከምልክቴ በኋላ የተጨመረ፦ ስለ ወንበሮቹ ለሆልብሩክ ደጋፊዎች ሰብሳቢ ለወይዘሮ ጁዲት ክራንዳል ባለፈው ሳምንት አስጽፌላቸው በሁለት ቀን መለሱልኝ። ስጦታውን በደስታ ተቀብለው አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፦ «ጋሼ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ደብዳቤውን ከድራፍቱ በፊት ጋዜጣ ላይ እንዳያወጡት። ሰውዬው አንብቦ ልብ ቢገዛስ? ተዉት፣ ሯጩን ይውሰድ፤ እኛ እዚህ ለሆሊስተር ዕድሜና ጤና በየእሑዱ እየጸለይን ነው።» በካልደር ቤይ እንዲህ የሚጸልይልዎ ሰው እንዳለ ጠያይቄ ነበር፤ እስካሁን አልተገኘም።