ለባለቤታቸው የተሰጠው የደም ውጤት

ታላቅ እህቴ ከመዝገብ ቤት ሠራተኛ አባታችንና ከአዋላጅ እናታችን ከዛሬ ሃምሳ ሁለት ዓመት በፊት ተወለዱ። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ሰፈር ተከታትለዋል። በሒሳብ የሚደርስባቸው አልነበረም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ድርጅት በጨርቅ ቆራጭነት ተቀጥረው እስከ ሕመማቸው ድረስ አገልግለዋል። ልጁን ከሩቅ አይተው ልኩን ስለሚናገሩ ባልደረቦቻቸው «ሜትር» ይሏቸው ነበር። ጨዋታ ያውቁ ነበር። ወላጅ መጥቶ «ያድግበታል፣ ሰፋ አድርጊው» ሲላቸው «ልብስ ነው ወይስ ድንኳን?» ይሉ ነበር።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው የመድኃኒት ቤት ባለቤት ከሆኑ ፋርማሲስት ጋር ትዳር መሠረቱ። ሦስት ጊዜ አርግዘው ሦስቱም ጽንሶች አልቆዩላቸውም። ያኔ ሆስፒታል ሄደው ደማቸው ተመረመረ። የላቦራቶሪው ባለሙያ «የሙያ ባልደረባዬ ነው» ብሎ ውጤቱን ለእህቴ ሳይሆን ለባለቤታቸው በእጅ ሰጠ። ባለቤታቸውም ቤት ገብተው «ደህና ነሽ፣ ምንም አልተገኘም» አሏቸው። እህቴ አመኑ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ!

ከዚያ በኋላ አራተኛውን በሰባተኛ ወሩ፣ አምስተኛውን በአራተኛ ወሩ አጡ። የባል ዘመዶች «ማሕፀኗ አይዝም» አሉ። እኔም «ሥራ እያበዛሽ ነው» ብዬ ተቆጥቻቸዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ባለፈው ዓመት እግራቸው አብጦ እዚያው ሆስፒታል ገቡ፤ ደም ረግቶ ተገኘ። አንዲት ወጣት ሐኪም የድሮውን ፋይል አስወጣች። ለካ መልሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጧል። ሰውነት ከበሽታ እንዲከላከሉለት የሚያመርታቸው ፀረ እንግዳ አካላት በእህቴ በራሳቸው ላይ ዞረው፣ እንግዴ ልጁ ውስጥ ደም እያረጉ ጽንሱን ምግብ ያሳጡት ነበር። ሐኪሟ እንዳስረዳችን፣ በየቀኑ ትንሽ አስፕሪንና ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መርፌ እየወሰዱ ብዙ እናቶች ይወልዳሉ። አስፕሪን! ባለቤታቸው መደርደሪያ ላይ ሞልቶ የተረፈው! ወረቀቱ ግርጌ «ተረክቤያለሁ» የሚል የባለቤታቸው ፊርማ አለ። በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ባለቤታቸው ሲጠየቁ «እንዳትደነግጥ ብዬ ነው» አሉ። አሉ እንግዲህ! ውጤቱን በፈረሙበት ዓመት ከሌላ ሴት አንዲት ልጅ ወልደው ነበር። እህቴ «የዘመድ ልጅ ናት» ተብለው በየዓመቱ ዩኒፎርም የሰፉላት ልጅ እሷው ናት። በልጅቷ አልፈርድም፣ ምን አደረገች? በእህቴ ደምም አልፈርድም፤ ደም የሚያደርገውን አያውቅም። ባለቤታቸው ግን አንብበው ፈርመዋል።

እህቴ ይህን በሰሙ በሦስተኛው ቀን «አደራ፣ መሃን ነበረች ተብሎ እንዳይነበብብኝ» አሉኝ። ሌላ የጠየቁኝ ነገር የለም።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ የረጋው ደም ሳንባቸው ላይ ደርሶ ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አረፉ። አንዲት ታናሽ እህትና ሁለት የእህት ልጆች ትተዋል። ባልም አላቸው፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ለዚህ የሽኝት ፕሮግራም ብለው ጽፈው ያመጡት ወረቀት «ልጅ ሳያፈሩ አለፉ» ይላል። ሰርዤዋለሁ።

እህቴ የአምስት ልጆች እናት ነበሩ። ፈጣሪ ከልጆቻቸው ጋር ያገናኛቸው።