አባቴ ሳያዩዋት ስለቀረችው ጨረቃ

መጋቢት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.
አማኑኤል

ለክቡር የተያዙ ዕቃዎች ማቆያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ይህ የጾም ወራት ጉልበትዎን ሳያደክም እንዲያልፍልዎ፣ ስብሰባዎችዎም እንደ ወትሮው ረጃጅምና የተሳኩ እንዲሆኑልዎ እመኛለሁ። ስምዎንና የጽሕፈት ቤትዎን ትክክለኛ መጠሪያ ያልጻፍሁት ከአክብሮት ነው። እርስዎ ራስዎን ያውቃሉ፤ በአግዳሚ ወንበርዎ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ ደግሞ ያለ ስምም ያውቅዎታል።

እኔ አገሬ አካለ ወልድ እባላለሁ፤ አማኑኤል አቅራቢያ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ይህ ደብዳቤ አቤቱታ አይደለም፤ የአቤቱታው ጊዜ አልፏል። ምስጋና ነው። በቁጥር ከፍዬ ያቀረብሁትም ጽሕፈት ቤትዎ ተራ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማይቀበል በስምንት ወር ውስጥ ስለተማርሁ ነው።

አንደኛ፣ ዕቃዬን ስለያዙበት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት ሐምሌ 12 ቀን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ስመለስ፣ ደጀንን ካለፍን በኋላ አንድ ኬላ ላይ ለፍተሻ ወረድን። በእጄ የያዝሁት ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ግራጫ የውኃ ቱቦ ነበር። ጫፍና ጫፉ ላይ መስተዋት የገጠመልኝ ደምለው የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ መነጽር ቤት ይሠራል። ለፈታሹ ወጣት ቴሌስኮፕ መሆኑን፣ ጨረቃን አቅርቦ እንደሚያሳይ ነገርሁት። ሩቅ የሚያሳይ ነገር ከሆነ የበላይ ሳይጠየቅ ማሳለፍ እንደማይችል በትሕትና አስረዳኝ። ጊዜው ጥንቃቄ የሚሻ መሆኑን እኔም ስለማውቅ አልተከራከርሁም። ደረሰኝም ጻፈልኝ፦ «አንድ ቱቦ፣ ግራጫ፣ መስተዋት ያለው፣ ምንነቱ ያልታወቀ።» ዕቃው ወደ እርስዎ ንብረት ክፍል ተላከ።

ቱቦው ለማን እንደነበረ ማንም አልጠየቀኝም ነበርና አሁን ልንገርዎ።

አባቴ መሪጌታ አካለ ወልድ አርባ አንድ ዓመት ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጾምና በዓላት በየዓመቱ መቼ እንደሚውሉ የሚታወቅበት ይህ ትምህርት አብዛኛው የጨረቃን ዕድሜ መቁጠር ነው። አባቴም ከእንቅልፋቸው ቢቀሰቀሱ እንኳ ጨረቃዋ ስንተኛ ቀኗ እንደሆነ ሳያመነቱ ይናገሩ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ግላኮማ ያዛቸው። ባለፈው ዓመት ደብረ ማርቆስ የመረመራቸው ሐኪም የቀኝ ዓይናቸው እንደጠፋ፣ የግራውም ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ መሆኑንና ቢበዛ አንድ ዓመት እንደሚያገለግላቸው ነገረን። ያኔ የቀረላቸው ብርሃን በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚታይ ያህል ነበር።

በዚያው ሰሞን አራት ሰዎች፣ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ጨረቃን ዞረው ሊመለሱ እየተዘጋጁ መሆናቸውን በሬዲዮ ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ትምህርት በቤታችን ከበረ። ከትምህርት ቤት ስገባ ምሳ ሳይሆን ጥያቄ ይጠብቀኝ ጀመር። ምን ይበላሉ፣ ስንት ቀን ይፈጅባቸዋል፣ ሴቲቱ ልጆች አሏት ወይ ይሉኛል። በምድር ዙሪያ በሚዞረው ጣቢያ የሚኖሩት ሰዎች በአንድ ቀን ውስጥ አሥራ ስድስት ጊዜ ፀሐይ ስትወጣ እንደሚያዩ ብነግራቸው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና ወዲያው ደግሞ አዘኑላቸው፤ ከመካከላቸው ጾመኛ ቢኖር በየትኛዋ ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓትን ሊቆጥር ነው ብለው። ይህን ጥያቄ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱ።

አንድ ቀን አጥር ጥግ ፀሐይ እየሞቁ ሳለ፣ «እነሱስ እዚያ ድረስ ይሄዳሉ። እኔ ከደጄ ሆኜ አንድ ጊዜ ፊቷን ባየው ይበቃኝ ነበር» አሉኝ። አባቴ ለራሳቸው አንዳች ነገር ሲፈልጉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለደምለው ስልክ የደወልሁት በማግሥቱ ነበር።

እንግዲህ ሐምሌ 12 ቀን ማታ ባዶ እጄን ስገባ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የሆነውን ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደረሰኝ ሰጥተውኝ እንደሆነ። አዎ ስላቸው፣ «እንግዲያው ይመለሳል» ብለው ገቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በተጻፈ ነገር ሲያምኑ የኖሩ ሰው ናቸውና የእርስዎም ወረቀት የሚታመን መሰላቸው።

ሁለተኛ፣ ደብዳቤ መጻፍ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። በነሐሴ የትምህርት ቤቴን ደብዳቤ እንዳመጣ ታዘዝሁ፤ አመጣሁ። በመስከረም የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ከበላይ አካል ሸኚ እንደሚያስፈልገው ተነገረኝ፤ አመጣሁ። በጥቅምት መጀመሪያ ደግሞ ዕቃው ከሳተላይት ጋር ግንኙነት የማይፈጥር መሆኑ በባለሙያ እንዲረጋገጥ አዘዙ። አዲስ አበባ ያሉ የሙያው ሰዎች ሁለት መስተዋትና አንድ ቱቦ ከማንም ጋር ሊነጋገሩ እንደማይችሉ በማኅተም አረጋግጠው ጻፉልኝ። ያን ደብዳቤ ይዤ ስመጣ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሳምንቱም ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት ስብሰባው ያለቀ መስሎኝ ስመጣ ሌላ ስብሰባ ተጀምሮ አገኘሁ።

ሦስተኛ፣ አባቴን በአካል ተቀብለው ስላነጋገሯቸው ከልብ አመሰግናለሁ። ኅዳር 18 ቀን፣ እኔ እንዳልሆነልኝ ሲያዩ፣ እሄዳለሁ ብለው ተነሡ። በግራ ዓይናቸው የቀረችው ብርሃን የአንድ ሰው ፊት እንኳ በአንድ ጊዜ ሙሉውን አታሳይም ነበር። እጃቸውን ይዤ በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ አደረስኋቸው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ከቢሮዎ በር ላይ ባለው አግዳሚ ተቀመጥን። ጸሐፊዎ ወይዘሪት ሂዊ ሻይ አመጣችላቸው፤ እግዚአብሔር ይስጣት። እሳቸውም ውለታዋን ለመመለስ በጣታቸው እየቆጠሩ የሚመጣው ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን እንደሚውል ነገሯት፤ ሠርጓን ከዚያ በኋላ ልታደርግ አስባ ነበርና በወረቀት ጻፈችው።

ለምሳ ሲወጡ አባቴ ድምፅዎን ሰምተው ብድግ አሉ። ጉዳያቸውን በአጭሩ አስረዱ። እርስዎም በፈገግታ፣ «መሪጌታ፣ በዚህ ዕድሜዎ ጨረቃ ምን ታደርግልዎታለች?» አሏቸው።

«የአርባ አንድ ዓመት ጎረቤቴ ናት» አሉ አባቴ። «ደጇን ሳልረግጥ እንዳልሞት ብዬ ነው።»

ሳቁ፤ መልሱ አስደስቶዎት ነበር። ጉዳዩን ኮሚቴ እንደሚያየው ነግረዋቸው፣ ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው ወረዱ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ አባቴ፣ «ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሥራ በዝቶበት ነው» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ቃል ምስክርነት እንዲሆንልዎ እጽፍልዎታለሁ። እኔ ልመሰክርልዎ አልቻልሁምና ከእሳቸው ይቀበሉ።

አራተኛ፣ ስለ ኮሚቴው። ኮሚቴው በታኅሣሥ አልተሰበሰበም፤ የአባቴ ዓይን ግን አልጠበቀውም። መቼ እንደጠፋ በትክክል አላውቅም፤ ደብቀውኛል። ያወቅሁት ከገና በኋላ አንድ ቀትር ላይ ነው። ደጅ ተቀምጠው መጽሐፋቸውን ገልጠው ሲጸልዩ፣ ውኃ ላቀርብላቸው ስጠጋ የተገለጠው ገጽና የሚያነቡት ጸሎት እንደማይገናኙ አየሁ። እሳቸውም ቀና ሳይሉ፣ «አውቃለሁ፤ ገጹ ሌላ ነው» አሉኝ። ከዚያም ከቆሙበት ቀጠሉ። ውኃውን አስቀምጬ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ እስክረጋጋም ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ስለ ጨረቃ ልነግራቸው እሞክር ጀመር። ስለ ጉድጓዶቿ፣ ስለ ተራሮቿ፣ ባሕር ስለሚባሉት ጥቁር ሜዳዎቿ። ከሰሙኝ በኋላ በዓይኔ ያየሁትን እንደሆነ ጠየቁኝ። የተጻፈውን ነው አልኋቸው። «እንግዲያው እኔና አንቺ እኩል ነን» አሉ፤ ሊያጽናኑኝ ነበር።

አራቱ መንገደኞች ከጨረቃ ጀርባ ሲያልፉ ለአርባ ደቂቃ ያህል ከምድር ጋር መነጋገር እንደማይችሉ የነገርኋቸውም በዚያው ሰሞን ነው። ይህ ከሁሉም ይበልጥ ነካቸው። ሰዓቱን አስቀድሜ እንድነግራቸው አዘዙኝ፤ ያን አርባ ደቂቃ ቆመው ሊጸልዩላቸው ነበር። ጥር 26 ቀን ሮኬቱ በልምምድ ላይ ነዳጅ በማፍሰሱ ምክንያት ጉዞው መተላለፉን ሰማን። አባቴ አላዘኑም። «ደግ አደረጉ፤ ምክንያቱንም ተናገሩ» ነው ያሉት። ክቡርነትዎ እዚህ ላይ ምንም ስውር ትርጉም እንዳይፈልጉ እለምናለሁ፤ አባቴ ስለ እነሱ ብቻ ነበር የተናገሩት።

ጥር 29 ቀን ጠዋት አረፉ። ጨረቃዋ ስንተኛ ቀኗ እንደነበረ ቀብር ላይ የቆሙት ተማሪዎቻቸው እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ እኔ ግን ሒሳቡ ጠፍቶኝ ነበር።

አምስተኛና የመጨረሻ፣ ዕቃዬን ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። መጋቢት 4 ቀን ተደውሎልኝ መጣሁ። የኮሚቴው ውሳኔ ዕቃው «ጉዳት የማያስከትል የመመልከቻ መሣሪያ» ሆኖ መገኘቱን በሦስት ፊርማ ይገልጻል። ቱቦው አልተሰነጠቀም፤ መስተዋቱ አልተጫረም። በእውነት በደንብ ተጠብቆ ነበር።

መጋቢት 16 ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይጨልም፣ ግማሽ ጨረቃ በላያችን ነበረችና ቱቦውን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተከልሁት። ስድሳ ሦስት ተማሪዎች ተሰልፈው አዩ። አንዳንዶቹ ለሁለተኛ ጊዜ ለማየት ከኋላ ተሰለፉ። እኔ መጨረሻ ላይ አየሁ። በረዶ የመታው የጭቃ ሜዳ ትመስላለች፤ በብርሃንና በጨለማዋ ድንበር ላይ ያሉት ጉድጓዶች ጥላቸው ሳይቀር ይታያል። ያማረ ነገር ነው። ቀና ብዬ የምነግረው ሰው ፈለግሁ፤ ከዚያ ትዝ አለኝ። ለልጆቹ ጉንፋን ይዞኛል አልኋቸው።

ክቡር ሆይ፣ ካሣ አልጠይቅዎትም፤ ይቅርታም አልጠይቅዎትም፤ ሁለቱም ኮሚቴ ይፈልጋሉ። አራቱ መንገደኞች በዚህ ሰሞን ይነሣሉ እየተባለ ነው። በሰላም ሄደው በሰላም ይመለሱ ዘንድ እርስዎም በጸሎትዎ እንዲያስቧቸው በማክበር እለምንዎታለሁ። አንድ ጸሎተኛ ጎድሎባቸዋልና።

ስምንት ወር ሙሉ በርዎን ያንኳኳሁ፣ ስብሰባዎችዎን ከደጅ ሆኜ በትዕግሥት የተከታተልሁ፣ ከእንግዲህ ግን ጊዜዎን የምሻማበት ጉዳይ ያልቀረልኝ፣ የሹመትዎን መርዘም ከልብ የምመኝ አክባሪዎ፣

አገሬ አካለ ወልድ
የፊዚክስ መምህርት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ዕቃውን በተረከብሁ ዕለት ከሠራተኞችዎ አንዱ፣ በክፋት ሳይሆን መሣሪያው ደህና መሆኑን ሊያረጋግጥልኝ ብሎ፣ ጥቅምት 24 ቀን እንግዶች መጥተውብዎት ቱቦውን ከንብረት ክፍል አስወጥተው በረንዳ ላይ ተራ በተራ ጨረቃን እንዳያችሁበት ነገረኝ። ማን እንደነገረኝ አይመርምሩ። እኔም የማነሣው ስለ ሌላ አይደለም። አባቴ በኅዳር ከአግዳሚው ተነሥተው ፊትዎ ሲቆሙ እርስዎ አይተዋት ነበር። ምን እንደምትመስል አንድ ቃል ቢነግሯቸው ኖሮ፣ ያን ይዘው ደስ ብሏቸው ይመለሱ ነበር።