ሳያኝኩ የሚዋጥ እንቁላል

እሑድ፣ ማርች 5

ኦሮራ ከተማ ዛሬም በረዶ። ቸርች ሄጄ ኋላ ተቀመጥኩ። ከኳየር ከታገድኩ ሦስተኛ ሳምንቴ። ፍቅረየሱስ ግን ኪቦርዱ ላይ ነው... ዓይኑን ጨፍኖ፣ መልአክ መስሎ።

ሁለት ዓመት እጮኛዬ ነበር። አብረን አደርን። ከዚያ ብቻውን የቸርቹ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄዶ «አሳተችኝ» አለ፤ በዚያው ሰበብ ቀለበቱን መለሰ። እሱ ቢሯቸው ውስጥ አለቀሰ፣ ለንስሐ በቃው። እኔ ጉባኤ ፊት ቆሜ ንስሐ ካልገባሁ አልዘምርም።

ጋሽ ለገሠ፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፦ «እህት ሠርካዲስ፣ በሩን መዝጋት የነበረብሽ አንቺ ነሽ።»

የማን በር? አፓርታማው የሱ፣ ቁልፉም የሱ!

ረቡዕ፣ ማርች 8

ሥራ። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ከጋናዊቷ ከአንቲ ሴርዋ ጋር አልጋ ስናነጥፍ ታንጎራጉራለች። ምንድን ነው? አልኳት።

«ልጅት የመጀመሪያ የወር አበባዋን ስታይ የምንዘፍነው። መጀመሪያ ለእናትየው ነው፤ አሳድጋ ለዚህ ስላበቃቻት።»

ከዚያ የተቀቀለ እንቁላል ልጅቷ አፍ ውስጥ ይከታሉ። ሳታኝክ ትውጣለች። ከነከሰችው የወደፊት ልጆቿን እንደነከሰች ይቆጠራል።

ሳቅኩ። እዚያም ሴት ዝም ብላ ትዋጥ! ጥርስ ለምን ተሰጠን? ኮሌጅ ስለ እንዲህ ዓይነት ሥርዓት ፔፐር ጽፌ ኤ አግኝቻለሁ። እንቁላሉን ማንም አልነገረኝም።

«ዘፈኑ ሳይዘፈንላት ያረገዘችስ?»

«በኛ መንደር ትባረር ነበር። እየሰደቧት፣ እየዘፈኑባት።»

ይኸው! ልናገር አፌን ስከፍት...

«እሱም አብሯት» አለች፣ ትራሱን እየመታች።

«እሱም?»

«ታዲያ ብቻዋን ነው ያረገዘችው?»



ቅዳሜ፣ ማርች 11

እማዬ። «ሠርኬ፣ ዋጥ አድርጊው። አንድ ደቂቃ ነው። እንዲህ ሆነሽ ማን ያገባሻል?»

ዋጥ አድርጊው... እሷም እንቁላሏን ይዛ መጣች።

ነገ እቆማለሁ አልኳት። «ተባረኪ!» አለች። ቆሜ ምን እንደምል አልጠየቀችኝም።

እሑድ፣ ማርች 12

ቆምኩ። ማይኩን ጋሽ ለገሠ ራሳቸው ሰጡኝ።

«ብቻዬን አላደረግኩትም። ሁለተኛው ሰው መጥቶ አጠገቤ ይቁም። እጠብቃለሁ።»

ጠበቅኩ። ፍቅረየሱስ ኪቦርዱ ላይ አቀረቀረ። ጋሽ ለገሠ «እህታችን፣ ይሄ ሥርዓት አይደለም» ብለው ማይኩን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ።

ያኔ እማዬ ተነሣች። የኔ እናት!

«ፍቅረየሱስ፣ ሁለት ፋሲካ ቤቴ በልተሃል። ልጄ ቆማለች። ተነሥ!»

ተነሣ... በጎን በር ወጣ። ጃኬቱን ትቶ፣ በዚህ ብርድ።

ማይኩን አስረከብኩ። ንስሐ አልገባሁም፤ ኳየራቸውንም አልፈልግም። ያለ ኪቦርድ መዝሙር ሲጀምሩ ግን ኋላ፣ ከእማዬ አጠገብ ሆኜ፣ ጮክ ብዬ ዘመርኩ። ማን ያግደኝ?

መኪና ውስጥ ማን ያገባሻል አላለችም። ቤት ስንገባ «ምን ልሥራልሽ?» አለች። እንቁላል፣ የተቀቀለ፣ አልኳት። ርቦኝ ስለነበር ሙሉውን አፌ ውስጥ ከተትኩት።

«አኝኪ እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ያንቅሻል!»